ፋሲካ በነሐሴ

ጋሼ አድማሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ዶክተር» ሲለኝ ኖሯል። ብቻችንን ስንሆን ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም። የሎስ አንጀለስ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ገና በሩን ከመክፈቴ ነው፤ «ኧረ ዶክተር መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት» ይላል። የማያውቀኝ ሰው ብድግ ይልልኛል። አንድ ቀንማ አንዲት ሴትዮ የደም ግፊት መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥታ «ይሄ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብላኛለች። እኔ ኮሌጅ የገባሁት ለሁለት ሴሚስተር ነው፤ ሁለተኛውንም አልጨረስኩትም። ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። ይሄን ደግሞ ከጋሼ አድማሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የትራክ መንጃ ፈቃድ ፈተና እስካልፍ ድረስ ሦስቴ ያመላለሰኝ እሱ ነው።

ሌላም አለ። አልጋዬን ወስዶብኛል። ለአንዲት ጥጃ ስም ታወጣለህ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ቃሉን አጥፏል። ሚስቱ እትዬ ዘቢደር ደግሞ በየበዓሉ፣ ለሰው ሁሉ ዶሮ ሲቀርብ፣ እኔ ፊት መጀመሪያ ጎመን ይከምራሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን ተሳስተው ነው እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ሰው አይሳሳትም። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የተደረገብኝን ግን ከነቀኑ አውቀዋለሁ።

ሶ፣ ከአልጋው ልጀምር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በፈረንጆቹ 2003። ዲቪ ደርሶን ሎስ አንጀለስ ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ከፌርፋክስ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነበረን። አባቴ ታክሲ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የለም ወይ ተኝቷል። እኔ ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ የተከለለች የራሴ አልጋ ነበረችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ተጋድሟል፤ እግሩ ከአልጋው አልፎ መጋረጃውን ገፍቶታል። አጠገቡ አንድ ሻንጣና አንድ ጥንድ የጎማ ቦት ጫማ።

«አጎትህ ነው፣ ከሲያትል መጣ» አለች እናቴ። «እንግዳ ስለሆነ አልጋው ላይ ይተኛ፤ አንተ ለጊዜው ፍራሽ ላይ።»

እንግዳው ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ተኛበት።

ጋሼ አድማሱ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሚስቱን አዲስ አበባ ትቶ ሲያትል ስድስት ዓመት መኪና ሲያጥብ ቆይቷል። ወደ እኛ የመጣው ቺኖ አካባቢ፣ ከቤታችን መንገድ ካልተጨናነቀ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ አንድ እርባታ ውስጥ ሥራ ስላገኘ ነው። የሚያልበው ላም አይደለም፣ ጎሽ ነው። ሚስተር ቪቶ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን መቶ ያህል የወተት ጎሾች ነበሩት፤ ከወተታቸው አይብ ይሠራል።

ፌርፋክስ ላይ ይሄን ያመነ የለም።

«ጎሽ ይታለባል እንዴ?» አለው ስዩም የሚባል የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ እኔ እያለሁ። «አገራችን እኮ ጎሽ የገደለ ነው የሚፎክር። አንተ ሥሯ ቁጭ ብለህ ጡት ትጎትታለህ?»

«እኔም እፎክራለሁ» አለ ጋሼ አድማሱ። «እነሱ በዕድሜያቸው አንዴ ነው፤ እኔ በቀን ሁለቴ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰው ሊያናድደው ሲመጣ እሱ ቀድሞ በራሱ ይስቃል፤ የመጣው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔ ይሄን ተሰጥኦ አልወረስኩም።

በዚያ ሰሞን እናቴና እሱ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ብዙ ያወሩ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወንበሩን ከጠረጴዛው አርቃ ነው የምትቀመጠው። እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ ቁርጥራጩ ይደርሰኛል።

«አራቱም በእግራቸው ከቆሙ ዘቢደር መጣች በይ» ይላል ጋሼ አድማሱ።

«ሰውየው ቃሉን ያከብራል?»

«ቤቱን አሳይቶኛል። መታጠቢያው ውስጥ ሸረሪት ነው ያለው፤ እሱን እናስወጣለን።»

ከዚህ የገባኝ፣ አራት ጎሾች በእግራቸው ቆመው፣ ምናልባትም እየተራመዱ፣ እትዬ ዘቢደርን ከቦሌ በጀርባቸው ጭነው እንደሚያመጡ ነው። ባሕሩን እንዴት እንደሚሻገሩ ብዙ አሰብኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት ሚስተር ቪቶ ዘንድ ከወለዱት ጎሾች አምስቱ በወለዱ ቀን ወድቀው መነሳት አቅቷቸዋል፤ ሁለቱ ሞተዋል። ጋሼ አድማሱ አገር ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ ደብረ ዘይት ነው የተማረው። አይቶ አይቶ፣ ጥፋቱ ከመውለዳቸው በፊት የሚበሉት መኖ ላይ ነው አለ። ሚስተር ቪቶ ደግሞ ለነፍሰ ጡሮቹ ይሳሳል፤ ምርጡን አልፋልፋ፣ ያን ቅጠላማ አረንጓዴ ድርቆሽ፣ ለእነሱ ነበር የሚያበላው። ሁለቱ ሲከራከሩ ሰነበቱና ሽማግሌው አንድ ነገር አለ፦ ነሐሴ ላይ የሚወልዱ አራት አሉ፣ አንተ እንዳልከው ይመገቡ፤ አራቱም ሳይወድቁ ከወለዱ የመንጋው ኃላፊ አንተ ነህ፣ ከበረቱ ጀርባ ያለችውም ቤት ያንተ ናት። የእትዬ ዘቢደር የኢሚግሬሽን ፎርም ተራው ደርሶ የቀረው የሥራ ደብዳቤና ቤት ነበር። ያ ነው «በእግራቸው ከቆሙ» ማለት። ለእኔ ማን ያስረዳኛል? ፍራሽ ላይ ላለ ሰው ማንም ምንም አያስረዳም።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፤ እናቴን ሙቀቱና ሆዷ አድክመዋታል። ስለዚህ ጋሼ አድማሱ ጠዋት ጠዋት በአሮጌ ፒክአፑ ይዞኝ ይሄድ ጀመር። ፍልሰታ ገብቷል። እኔ በዚያ ዓመት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የጾምኩት፤ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም፣ ከዚያ እናቴ የቋጠረችልኝን የኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦ እበላለሁ። የቺኖ ሙቀት ደግሞ የሚታወቅ ነው። አስፋልቱ ላይ ውሃ ያለ ይመስላል፤ ሲጠጉት የለም።

ከአራቱ አንዷን፣ ሮዛን፣ ያየኋት በመጀመሪያው ቀን ነው። ቆዳዋ እንደታጠበ ጎማ ጥቁር፣ ቀንዷ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ፣ ሆዷ በሁለቱም በኩል የወጣ። ወደ አጥሩ ስጠጋ እርጥብ አፍንጫዋን እጄ መሐል አስገብታ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ትንፋሿ ሞቅ ያለ፣ ሣርና እንጎቻ የሚሸት ነበር። ከእሷ ጎን፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አጥር፣ ሦስት ሌሎች ነበሩ፤ እነሱ ከሩቅ አይተው ዞር አሉ። ሮዛ ግን እኔን መረጠችኝ። እስከ ዛሬ ሰው መሐል ገብቼ እንደዚያ የተመረጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መንገዱን ተሻግሮ ያሉት የሚታለቡት ጎሾች አረንጓዴ አልፋልፋ ይበላሉ። የሮዛ ገንዳ ውስጥ ያለው ቢጫ ጭድና ትንሽ ፉርሽካ ነው።

«ለእነሱ እሱን፣ ለእሷ ጭድ ለምንድን ነው?» አልኩት ጋሼ አድማሱን።

ባልዲ እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከንፈሬ በጾም ደርቋል።

«ጾም ላይ ናት» አለ።

«እስከ መቼ?»

«እስክትወልድ።»

«ጎሽ ትጾማለች?»

«ይቺ ትጾማለች። ካንተም ትብሳለች፤ ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣ፣ ቅቤ በዳቦ አታውቅም።»

ሳቀ፣ ባልዲውን ደፋ፣ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ በደንብ ሊያስረዳኝ እንደሞከረ አልክድም። «ያገሬ ልጅ፣ ስማ» አለኝ። «ወተት ካልሲየም ይፈልጋል፤ አጥንት የሚሠራው ነገር ማለት ነው። እሷ ደግሞ አጥንቷ ውስጥ ሙሉ ጓዳ አላት። አልፋልፋው በየቀኑ ደጇ ድረስ ካመጣላት ግን ጓዳውን ማን ይከፍታል? ቁልፉን የት እንዳስቀመጠች ትረሳለች። የወለደች ቀን ግቷ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ቁልፉን ብትፈልግ የለም። ትወድቃለች። አሁን ከራስሽ ጓዳ አውጪ እያልኩ ነው የማለማምዳት።» እኔ ርቦኝ ነበር። ጓዳ ሲል የእናቴ ጓዳ ታየኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን መምህር ሀይለገብርኤል እኛን ልጆቹን ሰብስበው ስለ ጾም አስተማሩን። ሕፃን አይጾምም፣ በሽተኛ አይጾምም፣ ነፍሰ ጡር አትጾምም፤ እግዚአብሔር ጨካኝ አይደለም አሉ። ይሄን አውቀው ነበር። በየጠዋቱ እናቴ እንቁላል ስትጠብስ ሽታው ፍራሼ ድረስ ይመጣል፤ ለሆዴ ነው ትላለች፣ ጋሼ አድማሱም «ብይ ብይ» ይላታል። ሰውየው ለእህቱ እንቁላል ያዛል፤ ለሮዛ ጭድ።

እጄን አወጣሁ።

«ነፍሰ ጡርን በግድ የሚያስጾም ሰውስ?» አልኩ።

መምህር ሀይለገብርኤል መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ከባድ በደል ነው» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው «እናትህ ደህና ናት፣ ልጄ?» አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። እውነቴን ነው፤ እሷ ደህና ነበረች።

በማግስቱ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ባዶውን ይዤ ሄድኩ። የአልፋልፋው እስር ከማለቢያው ጎን እንደ ግንብ ተደርድሯል። ጋሼ አድማሱ ማለቢያ ውስጥ ሞተሩ እየጮኸ እያለ እኔ ቅጠል ቅጠሉን እየነጨሁ ቦርሳዬ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ፤ በጀርባ በኩል ዞሬ ዳር ላይ ወዳለው ወደ ሮዛ አጥር እወስድላታለሁ። በቀን አምስት ቦርሳ፣ አንዳንዴ ስድስት። ገንዳዋ ከአጥሩ ጥግ ስለሆነ ሌሎቹ አይደርሱበትም፤ ቢደርሱም እነሱ አልመረጡኝም። ሮዛ ጭዱን ትታ እኔን ትጠብቅ ጀመር። ቦርሳው ሲከፈት ጆሮዋ ወደፊት ይመጣል። እኔ በባዶ ሆዴ ቆሜ እያየኋት «ብይ ብይ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንደዚያ ቀና ብዬ የቆምኩበት ጊዜ የለም።

አሥር ቀን ያህል እንዲህ ሆነ።

መጀመሪያ ሦስቱ ወለዱ፤ በተከታታይ ቀናት፣ ቆመው፣ ምንም ሳይሆኑ። ጋሼ አድማሱ ሦስተኛዋ ስትቆም ኮፍያውን አውልቆ ለእሷ እጅ ነሳ። ሚስተር ቪቶ እንኳ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ወደ ቤት ስንመለስ «ሮዛ ብቻ ቀረች» አለኝ። «የጥጃዋን ስም አንተ ታወጣለህ።» እኔ ስሙን ወዲያው አወቅኩት፤ ልዕልት።

ሮዛ በማግስቱ ጠዋት ወለደች። ጥቁር፣ እርጥብ፣ እግሯ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ጥጃ። ሮዛ ልሳ ልሳ አቆመቻት። እኩለ ቀን ላይ የዳቦዬን ቁራሽ ይዤ ስመለስ ሮዛ መሬት ላይ ናት። አንገቷን ጠምዝዛ ራሷን ጎኗ ላይ ጥላዋለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው ግን አያይም። ጥጃዋ አጠገቧ ቆማ ትጮሃለች። አጥሩን ዘልዬ ጆሮዋን ያዝኩት። በዚያ ሙቀት ጆሮዋ ቀዝቃዛ ነበር።

«ወጥተህ መኪና ውስጥ ግባ» አለኝ ጋሼ አድማሱ ከኋላዬ። እንደዚያ ቀን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

ከመኪናው መስኮት የሆነውን ሁሉ አየሁ። አንድ ጠርሙስ እንደ ጉሉኮስ ከአጥሩ ላይ አንጠለጠለ፤ አንገቷ ላይ መርፌ ወጋት። አንድ እጁን ጠርሙሱ ላይ፣ አንዱን ደረቷ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተንበረከከ። እኔ ሊገድላት ነው ብዬ አመንኩ። አስርቦ አስርቦ ጣላት፣ አሁን በመርፌ ሊጨርሳት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ፣ ከዚያም የማላውቀውን አደረስኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አገሳች፣ ፋንድያ ጣለች፣ በፊት እግሯ ተንበርክካ ቀስ ብላ ተነሳች። ጸሎቴና አልፋልፋዬ ናቸው ያተረፏት አልኩ በልቤ። ያን ሁሉ ባላበላት ኖሮ ምን አቅም ነበራት?

ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። እጁን ደረቷ ላይ ያደረገው ደግሞ ቶሎ ከገባ ልብ ስለሚያቆም ምቷን እየቆጠረ ነው። ይሄን ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

ሚስተር ቪቶ መጣ። ገንዳውን ጎንበስ ብሎ አየ። ከውስጡ አንድ አረንጓዴ የአልፋልፋ ዘለላ አንስቶ በጋሼ አድማሱ ፊት ያወዛውዘው ጀመር፤ ፊቱ ቀልቷል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማኝም። እኔ ምን እንደሚል ግን በደንብ ገባኝ፦ ይሄን ነው መስጠት የነበረብህ፣ አንተ ጨካኝ፤ ይሄን። ጋሼ አድማሱ ከገንዳው እስከ አልፋልፋው ክምር ድረስ መሬቱን በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጭር ነገር ተናገረ። አመነ አልኩ። ጥፋቱን አመነ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ፍትሕ ሲፈጸም እያየሁ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ አድማሱ ቤንዚን ማደያ ቆመና ቦርሳዬን ከእግሬ ሥር አንስቶ ወረደ። ዚፑን ከፈተው፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ገለበጠውና ቆሻሻ መጣያው ላይ መታ መታ አደረገው።

«እናትህ አቧራ አትወድም» አለ ሲመለስ።

ትንሽ እንደሄድን «ለጥጃዋ ስም አወጣሁ» አለኝ።

«እኔ እኮ ነኝ የማወጣው።»

«ፋሲካ ብያታለሁ።»

«ነሐሴ ላይ?»

«ነሐሴ ላይ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ልዕልት የሚያህል ስም እያለ በነሐሴ ፋሲካ። ቤት እስክንደርስ አላናገርኩትም፤ ቤት ከደረስንም በኋላ።

ከዚያ ወዲያ ወደ እርባታው አልወሰደኝም። ብዙ ሳይቆይ እሱም መሄድ አቆመ፤ ሚስተር ቪቶ ሌላ ኃላፊ ቀጠረ። ጋሼ አድማሱ ቀይ ሰደርያ ለብሶ ፌርፋክስ ላይ ከስዩም ጋር መኪና ፓርክ ያደርግ ጀመር። እናቴ ጠረጴዛው ላይ «የዘቢደርስ ነገር?» ስትለው «ትቆያለች» አለ። እኔ ሮዛን እንደዚያ ካደረጋት ሰው ጋር ለመኖር ማን ይቸኩላል አልኩ።

ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ካለ ደግሞ አልደበቅኩም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተናገርኩ፤ አጎቴ እርጉዝ ጎሽ አስጾሞ ነው የተባረረው። ልጆቹ ለእናቶቻቸው፣ እናቶቻቸው ለፌርፋክስ። በሳምንቱ ስዩም ከመንገዱ ማዶ «አድማሱ፣ ሁዳዴንም አስጾምካት ወይስ ፍልሰታን ብቻ?» እያለ ይጮሃል። «ዓርብና ረቡዕም ጨምሬባታለሁ» ይላል ጋሼ አድማሱ፣ የሰው መኪና ቁልፍ በእጁ እያወዛወዘ። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ «ዶክተር፣ ደህና ዋልክ?» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ምኑ ነው የሚያስቀው እላለሁ።

እትዬ ዘቢደር የመጡት አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነው፤ በእኛ ገና ማግስት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያዩ ጊዜ የሚወስዱ ሴት። እናቴ «ይሄ ምንይሉ ነው» አለቻቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «እሱ ነው?» አሉ። ምሳ ሲቀርብ ዶሮው በእኔ ፊት አልፎ ሄደ፤ እሳቸው በእጃቸው ጎመን ዘግነው እኔ በኩል ከመሩት። ያን ቀን በልቤ መዝግቤ ያዝኩት፤ ገና ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ንቀውኛል ብዬ።

ድርቆሽ ማጓጓዝ የጀመርኩት በዚህ ዓመት ነው፤ በፊት የቤት ዕቃ ነበር የምጭነው። ባለፈው ሰኔ ቱላሪ አካባቢ አንድ የላም እርባታ አልፋልፋ አድርሼ ጭነቱን የሚያወርደው ፎርክሊፍት እስኪመጣ ቆሜያለሁ። ለብቻቸው የታጠሩ፣ ሆዳቸው የገፋ ላሞች ጭድ ያላምጣሉ። አንዷ ወደ አጥሩ መጥታ አፍንጫዋን አወጣች። አንድ እፍኝ አልፋልፋ ከትራኩ ላይ መዝዤ ልሰጣት ስል የከብቶቹ ኃላፊ፣ አንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ፣ ክንዴን ያዘኝ።

«ለእነዚህ አይሆንም» አለኝ። «ሊወልዱ ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው። ይሄን ከበሉ የወለዱ ቀን ይወድቁብናል።»

ከዚያ ለምን እንደሆነ ነገረኝ። ካልሲየም አለ፣ አጥንት አለ። ጓዳና ቁልፍ አላለም፤ ያን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በልቤ። ወረቀቱን የተሳሳተ መስመር ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ሎስ አንጀለስ እስክደርስ ሬዲዮ አልከፈትኩም። ዘለላዋን ሲያወዛውዝ የነበረው ሚስተር ቪቶ አሁን ድምፅ ነበረው። ይሄን ማን ሰጣት? ነው ያለው። ጋሼ አድማሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መልሷል።

ሁለት ወር እነሱ ቤት ሳልሄድ ቆየሁ። ሰው ያደረገብኝን የት እንደማስቀምጥ አውቃለሁ፤ ይሄን የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ግን ሁልጊዜ እነሱ ቤት ነው የምንሰበሰበው። ሄድኩ። እናቴ አለች፤ በዚያ ዓመት የተወለደችው እህቴ ገሊላ፣ ፓሳዴና ነርሲንግ የምትማረው፣ አለች። ጋሼ አድማሱ ጉልበቱን ስለሚያመው ከወንበሩ አልተነሳም። «ዶክተር፣ ተጠፋፋን። ሆስፒታሉ በዛብህ?» አለኝ። ተቀመጥኩ። እትዬ ዘቢደር ጎመኑን አምጥተው እኔ በኩል ከመሩ።

ሳልነካው «ጋሼ፣ ለሮዛ አልፋልፋውን ያበላኋት እኔ ነኝ» አልኩት።

ጋሼ አድማሱ የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። «ይኸው» አለ ለሌሎቹ። «የምርመራው ውጤት መጣ።»

ገሊላ አፏን ከፍታ ታየኛለች። «ሶ፣ እስከ ዛሬ እንደሚያውቁ አታውቅም ነበር? እኔ እንኳን ኪንደርጋርተን እያለሁ ነው ማሚ የነገረችኝ። ጥጃዋ ለምን ፋሲካ ተባለች መሰለህ?»

ነሐሴ ላይ ፋሲካ። ጾሟን ያስፈታኋት ጎሽ ልጅ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ነገርኩህ እንጂ። በዚያው ቀን፣ መኪና ውስጥ። አኩርፈህ ወደ መስኮት ዞርክ።»

«ለሚስተር ቪቶስ ምን ብለህ ነው…»

«አሳዘነችኝና ሰጠኋት አልኩት። ያዘነላት ሰውማ ነበር። ሕጉን ራስህ ጽፈህ ራስህ የምታፈርስ ከሆነ መንጋ አልሰጥህም አለ፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «እናትህ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንተ በጾም ገርጥተህ ጭንቅላትህ ብቻ ቀርቷል። ምን ላድርግ፣ ልምታህ? ጾም ላይ ናት ያልኩህ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ እናትህ እንቁላል ስትበላ እያየህ። ቀልዱ የእኔ ነው፤ ሐዘኔታው ያንተ።»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር» አሉ እትዬ ዘቢደር።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። እሳቸው ይሄን ነገር ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ሻንጣዬን አስሬ ነበር። ለጎረቤቱ ድስቶቼን ሰጥቻለሁ። ደወለና ቆየት ይላል አለኝ። ምን ሆነ ስለው፣ አንድ ጻድቅ አጋጠመኝ አለኝ።»

ጻድቁ እኔ ነኝ። እሳቸው ድስት ተውሰው ሲያበስሉ፣ እኔ ፍራሼ ላይ ሆኜ አልጋዬን ማን መለሰልኝ እያልኩ ነበር። ሸረሪቷን አስወጥቶ የራሱ ቤት ሊገባ የነበረውን ሰው አልጋዬ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ።

«ተናደውብኝ ነበር?» አልኳቸው።

«በጣም። ስመጣ መጀመሪያ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ አውሮፕላን ውስጥ ስለማመደው ነው የመጣሁት።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ከዚያ አየሁህ። ጆሮህ ሰፊ፣ ዓለም ሁሉ የበደለህ ትመስላለህ። ይሄን ልጅ ምን ልበለው አልኩ። ጎመኑ ቀረብ ብሎ ነበር።»

ገሊላ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች ነው፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አላውቅም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን፣ እየገፋሁ ዳር አድርጌ የምተወውን ጎመን አየሁት። ጠቀለልኩና ጎረስኩ። ቃሪያ በዝቶበታል፤ ደህና ጎመን ነው።

እትዬ ዘቢደር ሰሃኑን አንስተው ሊጨምሩልኝ ጎንበስ አሉ።

«ቀስ በይ፣ ብዙ አትስጪው» አለ ጋሼ አድማሱ። «ኋላ ከወደቀ ጉልበቴን አሞኛል፤ ማን ያነሳዋል?»